ለሁለት ሰው የተባለ እሺ

ሥራ የጀመርኩት አንድ የኅዳር ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ቢሮው ሄግ ውስጥ፣ ከገበያው ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ ያለ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ነበር። በሩን ስገፋው ከላዩ የተንጠለጠለች ደወል ጮኸች። ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ቀና ሲሉ እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ።

አንደኛው አለቃዬ ሚስተር ራምላል ናቸው። አያቶቻቸው ከህንድ ተነሥተው ለሸንኮራ እርሻ በኮንትራት የሆላንድ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ሱሪናም ተሻገሩ፤ እሳቸው ደግሞ ሱሪናም ነፃ በወጣች ሰሞን ወደ ሆላንድ መጡ። ሁለተኛዋ የቲኬት ጸሐፊያችን አኔከ ናት፤ ሃምሳን የተጠጋች የሮተርዳም ሴት።

እኔን የቀጠሩኝ ሂንዲ ስለማውቅ ነው። በነፃ የትምህርት ዕድል ህንድ ሄጄ ጂኦግራፊ ተምሬያለሁ። ስጨርስ አገር ቤት የሚያስገባ ጊዜ አልነበረም፤ ዞሬ ዞሬ ሆላንድ ገባሁ። የያዝኩት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከአንድ አገር፣ ከራሴ በቀር ሁሉም ጋ ያስኬዳል። ሚስተር ራምላል ሰነዱን አገላብጠው አዩ፤ አንገቴን ደፍቼ መቆሜንም አዩና ዝምተኛነቴ ለሥራው እንደሚበጅ ነገሩኝ። ብዙ የሚያወራ የቡድን መሪ መንገደኛ ይጠፋበታል አሉ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ክር መቁረጥ ነበር። አንድ ጥቅል ብርቱካንማ የሱፍ ክርና መቀስ ሰጡኝ። ክንድ ክንድ እያከልኩ እቆርጥና በየመንገደኛው ሻንጣ እጀታ ላይ አሥራለሁ። አውሮፕላን ጣቢያ ውስጥ የኛ ሻንጣ ከሩቅ የሚታወቀው በክሩ ነው። እየቆረጥኩ ሳለ ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩ።

«የወሰድሻቸውን ሰዎች ሁሉ ትመልሻለሽ» አሉኝ። «ሥራው ይኸው ነው። ሌላው ጌጥ ነው።»

«እሺ» አልኩ። የምናወራው በደች ነው፤ ቃሉ ግን አምልጦኝ በአማርኛ ወጣ።

አኔከ ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና ሳትል «ጤና ይስጥሽ» አለችኝ። እዚህ አገር ለሚያስነጥስ ሰው የሚባለውን ነው። አለማስነጠሴን አስረዳሁ፤ በአገሬ ቋንቋ አዎን እንደ ማለት ነው አልኳት።

«አዎን ምን? ‹ሰማሁሽ› ነው ወይስ ‹አደርገዋለሁ›?»

ሁለቱንም ነው አልኳት።

«ሁለቱማ አንድ አይደሉም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቲኬት መጻፍ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ያኔ ቲኬት በእጅ ነበር የሚጻፈው። ከቅጠሎቹ ጀርባ ቀይ የካርቦን ቀለም ስላለ እስክሪብቶውን ተጭኖ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጽሑፉ የመጨረሻው ቅጠል ላይ አይደርስም። ስሕተት አይፋቅም። አንድ ፊደል የተሳተበት ቲኬት ሙሉ በሙሉ ይሻርና ሌላ ይጻፋል። ቪዛ ማስመታት፣ የክትባት ደብተር ማየት፣ አምስተርዳም ካለው የአየር መንገድ ቢሮ ማረጋገጫ ይዞ መምጣት የኔ ፈንታ ሆነ። ከባቡር ጣቢያው በትራም እሄዳለሁ፣ መስኮቱ ላይ ስሜን ሰጥቼ እጠብቃለሁ፣ ከማንም ጋር ብዙ ሳላወራ እመለሳለሁ። ሥራው ተስማማኝ።

ከቢሮው ጀርባ ዕቃ ቤት ነበር። ከመደርደሪያው ሥር ብርቱካንማ ክር የታሰረበት አንድ ቡናማ ሻንጣ ተቀምጧል። የሻንጣው ባለቤት ከኔ በፊት በነበረ ቡድን የሄዱ አሮጊት ናቸው። ሻንጣው ሲመለስ እሳቸው አልተመለሱም፤ ዘመድ መጥቶም አልጠየቀም። ከሻንጣው ሥር ያለው ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ጠዋት በጨርቅ አደርቀዋለሁ፤ ከምሳ በኋላ ሳየው ረጥቦ አገኘዋለሁ። ሚስተር ራምላል ጣሪያው ያፈሳል ይላሉ። በወንበር ላይ ቆሜ ጣሪያውን ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። አኔከ ከዚያ ክፍል የምትፈልገው ነገር ሲኖር እኔን ነበር የምትልከኝ።

«አንቺ ኮቴሽ አይሰማም» ትለኛለች። «አትቀሰቅሺውም።»

ምኑን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ዋናው ገበያችን የካሺ ጉዞ ነበር። ከተማዪቱ በካርታ ላይ ቫራናሲ ናት፤ በድሮ አጠራሯ ቤናሬስ። ሃይማኖተኞቹ ግን ካሺ ነው የሚሏት። የምትገኘው ጋንጋ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ የሞተ ሰው ዳግመኛ ተወልዶ ወደዚህ ዓለም አይመለስም ብለው ያምናሉ። መንገደኞቻችን አብዛኞቹ ሱሪናም ተወልደው ያረጁ፣ ህንድን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ናቸው። ጉዞው አጭር ነው። ወንዙ ውስጥ ይነከራሉ፣ ለሙታናቸው ጸሎት ያስደርጋሉ፣ በትንሽ የመዳብ ማሰሮ የወንዙን ውሃ ያሳሽጋሉ፣ ይመለሳሉ። የቡድን ዋጋ የሚሠራው ለደርሶ መልስ ብቻ ስለሆነ መሄጃ ብቻ አንሸጥም ነበር።

መጀመሪያ ከሚስተር ራምላል ጋር በረዳትነት እየሄድኩ ሥራውን አየሁ። የቡድን መሪ ከአውቶቡስ ቀድማ ትወርዳለች፣ መጨረሻ ትሳፈራለች። መንገደኛን በጭንቅላት ቆጥራ አታልፍም፤ በስሙ ትጠራዋለች። «ስሙን ጠርተሽ ድምፁን ካልሰማሽ ‹አለ› አትበዪ» ይሉኝ ነበር። ሲጠሩ የሚመልሱት «ሃን ጂ» ብለው ነው፤ የኛ አቤት መሆኑ ነው።

በኋላ በብርዱ ወራት የሚጓዝ አንድ ቡድን ብቻዬን እንድመራ ተወሰነ። የመነሻው ቀን ሳይደርስ፣ ዝናቡ ባላባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባርኔጣቸው የሚንጠባጠብ ሽማግሌ ገቡ። ስማቸው ቢሴሳር ነው። ሱሪናም ሳሉ ሩዝ ያርሱ ነበር፤ አሁን ሙርዋይክ በሚባለው የሄግ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰው ሁሉ አጃ ይላቸዋል፤ በነሱ አነጋገር አያት ማለት ነው። ወደ ካሺ መሄጃ ብቻ ጠየቁ። ሚስተር ራምላል ደርሶ መልስ ብቻ እንደምንሸጥ ነገሯቸው። አጃ ሳይከራከሩ ደርሶ መልሱን ገዙ። አለቃዬ ስልክ ሊያነሡ ሲሄዱ ግን ወንበራቸውን ወደኔ ጠረጴዛ አስጠጉ።

«ቤቲ» አሉኝ በሂንዲ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የምትወስጂኝ አንቺ ነሽ አሉ። እዚያ ደርሰን ‹እኔ እቀራለሁ› ስልሽ እጄን እንዳትጎትቺ።»

ሽማግሌ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አላውቅበትም። ወረቀቴን እያየሁ «እሺ» አልኩ። ሰማሁዎት ማለቴ ነበር።

ቃሉን ወደዱት። የየት አገር እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለራሳቸው ደጋግመው ሞከሩት። ፊታቸው ሲፈካ እኔም ደፈር አልኩና ስለዚህ ቃል በአገሬ የሚባል ምሳሌ አለ ብዬ በአማርኛው ነገርኳቸው፦ «እሺ ይበልጣል ከሺህ።»

እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ረጋ። «ካሺ አልሽ?»

መሐል ያለው ቃል ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ይበልጣል ማለት ይልቃል ነው አልኳቸው። የቀረውን ላስረዳ አፌን ስከፍት የበሩ ደወል ጮኸና አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ገባ። አጃ ተነሡ። «እሺ ከካሺ ይበልጣል» አሉ በሂንዲ፣ ለራሳቸው። «እንግዲያ ሕዝብሽ ካሺን ያውቃል።» ተከትዬ ላርማቸው ይገባኝ ነበር። ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ መጣራት ግን አይሆንልኝም።

ቅዳሜ ልጃቸው ሺላ መጣች። ነርስ ናት፤ ካፖርቷ ሥር የሥራ ልብሷን ለብሳለች። ቢሮው ውስጥ ከአኔከ በቀር ማንም አልነበረም።

«አባቴ እቀራለሁ ይልሻል» አለችኝ። «እንዳትሰሚው።»

ቀጥላ የእናቷን ነገር አወራችኝ። የሞቱት እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ነው። እሷ ላይኛው ፎቅ የሌላ ሰው እናት አልጋ ታነጥፍ ነበር፤ የሚጠራት ሰው ሲደርስ አልቋል። በልማዳቸው ሊሞት ባጣጣረ ሰው አፍ ልጁ የጋንጋ ውሃ ጠብ ያደርግለታል። እናቷ ያንን ሳያገኙ ሄዱ።

«ደረቅ አፏን ነው የሄደችው» አለችኝ። «የአባቴን አፍ የማረጥበው እኔ ነኝ፤ ማንም አይደለም። ትመልሺልኛለሽ?»

«እሺ» አልኩ። አሁን አደርገዋለሁ ማለቴ ነበር።

በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ አኔከ ጽሕፈት መኪናዋን አቆመች። «ስንት እሺ ነው ያለሽ?» አለችኝ። ሂንዲ አታውቅም፤ ያንን ቃል ግን ለይታዋለች።

የተነሣንበት ጠዋት ጉም ነበር። የሮተርዳሞቹን መንገደኞች ጭነን ሄግ ስንደርስ የቢሮው ምልክት እንኳ አይታይም። ሺላ በአውቶቡሱ በር ላይ የአባቷን ሻርፕ አስተካክላ አሰረችና በደች «ትመለሳለህ፣ አይደል?» አለቻቸው። አጃ በዓይናቸው ጠቀሱኝና «እሺ» አሏት። ቃሉ ከሳቸው አፍ ሲወጣ ግራ ገብቷት ወደኔ አየች። አዎን ነው ያሉሽ አልኳት። ሳቀች፤ ሻርፑን ግን ወዲያው አልለቀቀችውም።

አጃ ከፊት አጠገቤ ተቀመጡ። አውራ ጎዳናው ላይ ከገባን በኋላ ሜዳው፣ ላሞቹ፣ ቦዩ ሁሉ ጠፍቶ የቀረው ነጭ ብቻ ነበር። መንገደኛው አንቀላፍቷል። አጃ ድንገት ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ጥርት ባለ ድምፅ «ሃን ጂ» አሉ።

ማንም አልተናገረም ነበር። ምን ሆኑ አልኳቸው።

«ከውጭ ጠሩኝ» አሉኝ፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

አውቶቡሱ እየበረረ ነው። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ዓይኑን መለሰ። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጠሪሽን ሳታዪ አቤት አትበዪ» ትለኝ ነበር። ይህን ለአጃ አልነገርኳቸውም፤ አንዴ ብለውታል። ስኪፖል አውሮፕላን ጣቢያ ስንደርስ መጨረሻ የወረዱት እሳቸው ነበሩ። ደረጃው ላይ ቆም ብለው ወደ መጣንበት ጉም አዩ።

ካሺም ጉም ነበር። በዚያ ወራት እንዲህ ይሆናል፤ ባቡራችንም በዚሁ ሰበብ ዘገየ። ደረጃዎቹ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፣ የታችኞቹ ግን አይታዩም። ሰዎች እየወረዱ ይሰወራሉ፤ ቆይቶ የውሃ ድምፅ ይሰማል። አስከሬን የሚቃጠልበት ቦታ ያለው እሳት በቀንም ጉሙ ውስጥ ደብዝዞ ይቀላል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም። የቡድኔ ሴቶች በሳሪያቸው ላይ ሹራብ ደርበው፣ የሆላንድ የሱፍ ካልሲ አድርገው ወረዱ። አንዷ እግሯን ነክራ እዚያ ሄግ ካለው ከሼቬኒንገን ባሕር የባሰ ነው አለች፤ ሌላዋ አምላክ እየሰማሽ ነው ብላ ቆጣቻት፤ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ገቡ።

አጃ ሲነከሩ ብቻቸውን መሆን ፈለጉ። እኔ ካልሲያቸውን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ጉሙ ውስጥ ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ፊታቸው ግን የልጅ ፊት መስሏል። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ቦታ ይዞላቸው እንደነበር ነገሩኝ። ፎጣ ሰጠኋቸው።

ከመመለሳችን በፊት በነበረው ጠዋት የጀልባ ጉዞ ነበረን። ሌሎች ጀልባዎች አይታዩም፤ መቅዘፊያቸው ብቻ ይሰማል። ጀልበኛችን መሐል ላይ ሲደርስ አንዱ ሊጋጨው መሰለውና መቅዘፉን አቆመ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ያኔ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው «ቢሴሳር» አለ። ጮሆ አይደለም። አጥር ላይ ቆሞ ጎረቤቱን እንደሚጠራ ሰው ነው።

ከቡድኑ ማንም አልዞረም። አጃም አልመለሱም። ውሃውን ያዩ ነበር።

ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ «አንጓቼ» የሚል ድምፅ መጣ።

አንጓቼ የቤት ስሜ ነው። እናቴ ብቻ ናት እንደዚያ የምትለኝ። በሰነዴ ላይ ያለው ሰብለ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሴብላ ይሉኛል። እናቴ ያለችው አዲስ አበባ ነው። ድምፁ ግን የእሷ ነበር፤ ከጓሮ ስትጠራኝ የምታስረዝመው መጨረሻው ሳይቀር። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም። አቤት ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ።

አንድ ሰው የእጄን አንጓ ያዘ። አጃ ናቸው፤ እጃቸው እንደ ወንዙ ቀዝቅዟል።

«አትመልሺ» አሉኝ በለሆሳስ። «ጠሪው ይታይሻል?»

ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይታየኝም።

«እንግዲያ አትመልሺ። እኛ መንደር እንደዚህ ነው የሚባለው። እኔ አውቶቡሱ ላይ መልሻለሁ፣ የኔ አልቋል። ያንቺ ገና ነው።»

ጀልበኛው መቅዘፍ ጀመረ። ወደ ዳር እስክንደርስ እጄን አልለቀቁትም።

በማግስቱ ሻንጣዎቹ አውቶቡስ ላይ ተጭነው ስም ስጠራ የአጃ ድምፅ አልነበረም። የት እንደሚሆኑ አውቄ ነበር። ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ የመጨረሻ ቀናቸውን የሚጠብቁ ሰዎች የሚያርፉበት ቤት አለ። ሹፌሩ እንዲጠብቀኝ ለመንኩትና ሄድኩ። በረኛው ክፍል እንዳላቸው፣ አዛውንቱም ተመዝግበው መግባታቸውን በደስታ ነገረኝ።

አጃ የገመድ አልጋ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከግድግዳው ማዶ የሚያጣጥር ሰው ትንፋሽ ይሰማል። እውነቱን ተናገርኩ።

«አጃ፣ ለእርስዎ እሺ ብያለሁ። ለሺላም እሺ ብያለሁ።»

«ለሁለታችንም?»

«ለሁለታችሁም።»

ሳቁ። እዚያ ሱሪናም፣ ኒከሪ ያሉ ሩዝ ነጋዴዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ፤ አንዱን ከረጢት ለሁለት ሰው። እኔ አልሳቅሁም። ሺላ ስለ እናቷ የነገረችኝን ነገርኳቸው። ያውቁት ኖሯል። ደረቅ አፏን የሚለውን ግን አያውቁም ነበር። ባርኔጣቸውን አገላበጡ፣ ውስጡን አዩ።

«ሕዝብሽ ምን ነበር የሚለው?» አሉኝ። «እሺ ከካሺ ይበልጣል፣ አይደል?»

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ለኔ ያደላ ነበር። ሰውዬው ምሳሌውን እንደ ሕግ ይዘውታል። ግን በዚያ ቤት ውስጥ፣ በዚያ ትንፋሽ አጠገብ፣ ባልሆነ ቃል ሰው ማስነሣት ከበደኝ።

«ካሺ አይደለም አጃ» አልኩ። «ከሺህ ነው። ሺህ ቁጥር ነው፤ በሂንዲ ሀዛር።»

«ቁጥር ነው?»

«ቁጥር ነው።»

ከግድግዳው ማዶ የነበረው ትንፋሽ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሰዎች በዝግታ መዘመር ጀመሩ። አጃ አዳመጡ፤ ቅናት ያለው ሰው ፊት ነበር የሚመስለው። አዳምጠው እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ፤ እንሂድ አላልኳቸውም፤ እጃቸውንም አልነካሁም።

«ሺላ ስትጠይቀኝ እኔም እሺ ብያታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለቀልድ ነው። ግን በቋንቋሽ የማውቀው ቃል አንድ ነው። በማውቀው አንድ ቃል እንዴት አድርጌ እዋሻለሁ?»

ባርኔጣቸውን ደፉ። ተንበርክኬ ጫማቸውን አጠለቅኩላቸው። በረኛው ከኋላችን በሩን ሲዘጋ ዳግመኛ ቦታ እንደማይገኝ ነገራቸው። አልዞሩም።

ከመሄዳችን በፊት ጠባቡ መንገድ ላይ ካለው ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ቆሙ። የጋንጋ ውሃ የሞላባት ትንሽ የመዳብ ማሰሮ መረጡ። ሠራተኛው አፏን በቀለጠ እርሳስ ሲደፍን ዓይናቸውን አላነሡም። አውቶቡሱ ላይ እንደገና ስም ጠራሁ። አጃ ጋ ስደርስ ፊቴን በደንብ አዩ፤ ጠሪዋ እኔ መሆኔን ካረጋገጡ በኋላ በሃን ጂ ፈንታ «እሺ» አሉ።

ሐሙስ ቀን ስኪፖል ገባን። ሄግ ቢሮው በር ላይ ሺላ ቆማ ነበር። አባቷን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሻንጣቸውን አውርጄ ክሩን በመቀስ ቆረጥኩ፤ ይህ የጉዞው መጨረሻ ሥራ ነው። ማሰሮዋን ግን ለማንም አልሰጡም፤ በካፖርታቸው ሥር ይዘዋት ሄዱ። ሚስተር ራምላል ሁሉንም በየስማቸው ጠየቁኝና «መልሰሻል» አሉኝ። ዕቃ ቤት ገብቼ ወለሉን አየሁ። እንደ ወትሮው እርጥብ ነው።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሺላ ስልክ ደወለች። አባቷ በዚያው ጠዋት ማረፉን ነገረችኝ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ እንደ ነርስ ነው ያወራችኝ።

ሻይ ይዛ ስትገባ ከታች፣ ከደረጃው መግቢያ፣ አንድ ሰው አባቷን በስሙ ጠራው አለች። እሷም ሰምታለች። መስኮቱን ከፍታ ወደ ታች አየች፤ መንገዱ ላይ ጉም ብቻ ነበር። ስትዞር አባቷ አልጋው ላይ ቀና ብሎ «እሺ» ሲል አየችው። የማሰሮዋን እርሳስ ማታውኑ በቢላዋ ፍቆ አንሥቶት ከአልጋው አጠገብ አስቀምጧት ነበር። ለመክፈት አልተቸገረችም፤ ጊዜ ነበራት።

«አፉን አርጥቤዋለሁ» አለችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ቃል ‹ሰማሁ› ማለት ነው ወይስ ‹አደርገዋለሁ›?»

አኔከ ከጠረጴዛዋ ሆና ትመለከተኝ ነበር።

«አባትሽ ሲሉት አደርገዋለሁ ነው» አልኳት።

በሥራዬ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቡድን መርቻለሁ። ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። መንገደኛ ሲለምናችሁ ሰምታችሁ ከሆነ «ሰማሁዎት» በሉ። የምታደርጉት ከሆነ ብቻ እሺ በሉ። ለቤተሰቡም እንደዚሁ።

ሺላ በደወለች ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፖስታ ቤት ሄድኩና የስልክ ክፍል ውስጥ ገባሁ። አዲስ አበባ የጎረቤታችን ቤት ስልክ አለ። ደወልኩ፤ እናቴን እንዲጠሩልኝ ነግሬ ዘጋሁና ቆይቼ እንደገና ደወልኩ። መስመሩ እንደ ውሃ ይንሿሿል። ከዚያ ውስጥ አንድ ድምፅ «አንጓቼ» አለ።

ጠሪዬን አላይም። አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

«አንጓቼ» አለ ድምፁ ዳግመኛ። ቀጥሎ አፉን ከስልኩ ሳያርቅ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ያንን ራዲዮ ቀንሱት» ብሎ ተቆጣ።

«አቤት፣ እማዬ» አልኩ።

ደህና ናት። ጉልበቷን ብቻ ያማታል። በወንዙ ላይ የሰማሁትን አልነገርኳትም። መቼ እንደምመጣ ጠየቀችኝ። በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ በደወልኩ ቁጥር «እሺ፣ በቅርቡ» እላት ነበር።

«አላውቅም እማዬ» አልኳት።

ራዲዮው አሁንም ይሰማል። ከዚያ «እሺ» አለችኝ።